ጥላው የተመነጠረበት ቡና

ቴፒንና በበቃን የረገጠ ሰው ያውቀዋል፤ ቡና የሚያምርበት ከዋንዛና ከሰሳ ጥላ ሥር ነው። ጥላውን የመነጠረ ገበሬ ‹‹ማሳዬ በራልኝ›› አይልም፤ ቅጠሉ በፀሐይ ሲያር ያያልና።

ጠይም ቆዳም ጥላ አለው። ሜላኒን የተባለው ቀለም የፀሐይን ጨረር ከሥሩ ላለው ሥጋ ይመክትለታል። እኛ ግን ይህንኑ ጥላ ፊት በሚያቀላ ቅባት እየመነጠርን ነው። በአንዳንዱ ቅባት ሜርኩሪ አለበት፤ በቆዳ ዘልቆ ኩላሊትን ይጎዳል። በሌላው ሃይድሮኪኖን አለ፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል፤ የሸሹት ጥቁረት ከፍቶ ይመለሳል። ለሕመም የተሠራው ክሎቤታሶልም ለውበት ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረጉት ጉባኤ፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ከ2025 በኋላ ጨርሶ እንዳይመረት፣ ድንበርም እንዳያልፍ ወስነዋል።

ታዲያ ጥፋቱ የሻጩ ብቻ ነውን? አይደለም! የሚዛን ተፈሪዋ ልጅ ከቡና ለቀማ ስትመለስ ‹‹ምነው ጠቆርሽ?›› ብሎ የሚቀበላት ማን ነው? ከተማ ከርማ ስትመጣስ ‹‹ቀልተሻል፤ ተመችቶሻል›› የሚላት? እኛው ነን። መጎሳቆልን ‹‹መጥቆር››፣ ድሎትን ‹‹መቅላት›› ብለን የሰየምን፣ ቃል እንወዳለን የምንል እኛው! የምናወድሳትን ሁሉ በግጥማችን ያቀላንም እኛው።

ሕግ የሱቁን በር ይዝጋ። የቃሉን በር መዝጋት ግን የእኛ ዕዳ ነው። ቅባቱ በብልቃጥ ሳይሸጥ አስቀድሞ በሰላምታ ታድሏልና።