ሳንጠይቅ አንወጋ!



በምንሠራበት ሰፈር በአንድ የውበት ሳሎን መስኮት ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየን። «ቦቶክስ፣ የከንፈር መሙያና የቫይታሚን መርፌ፤ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በ10 ታሽሉሚም» ይላል። መርፌ እንደ ሱፐር ዕቃ ተደምሮ በቅናሽ ይሸጣል ማለት ነው። ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

ማማር ነውር ነው አንልም። እናቶቻችንም ሹሩባ ተሠርተው፣ ተኩለው፣ እንሶስላ ሞቀው ተድረዋል። ጠባችን ሳያስረዳ ከሚሸጠው፣ ሳንጠይቅ ከምንገዛው ከእኛም ጋር ነው።

መርፌዎቹ አንድ አይደሉም። ቦቶክስ ጡንቻን ለጊዜው ያደክማል፤ በቅንድብ መካከል ላለው መጨማደድ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለው መሙያ ደግሞ ከቆዳ ሥር ገብቶ የጎደለውን ይሞላል፤ ከስድስት ወር እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ሁለቱን ማዋሐድ በሕክምና የታወቀ ነው። አንዳንዱ ሐኪም በአንድ ቀን ይሰጣል፤ ሌላው ቦቶክሱን አስቀድሞ ሁለት ሳምንት ያህል ከጠበቀ በኋላ የቀረውን ይሞላል። ይህ ግን ፊቱን መርምሮ ሐኪም የሚወስነው እንጂ የዋጋ ዝርዝር የሚወስነው አይደለም።

መሙያው ተሳስቶ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ይገድላል፤ የዓይን ደም ሥር ከደረሰም ያሳውራል። ሃያሉሮኒክ አሲድን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ሌሎቹን የመሙያ ዓይነቶች ግን አያሟሟም። ቦቶክስ የዓይን ቆብ ቢጥል ማሟሟቻ የለውም፤ እስኪለቅ ሳምንታት መታገሥ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ አደጋውን የሚያስጠነቅቀው መንጣት ቶሎ አይታይም። መርፌ የነካው ቦታ ሊጠቁር ይችላል፤ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰውም ይህን አስቀድሞ መናገር አለበት።

አንዲት ልጃችን ለሠርጓ ስትዘጋጅ በሰው ቤት ውስጥ በአንድ ምሽት ሦስት ዓይነት ተወጋች። ከንፈሯ ሲያቃጥላት «ያልፋል» ብላ አደረች። ጠዋት ሚዩን ስትደርስ ሐኪሙ «ምን ተወጋሽ?» አላት። መልስ አልነበራትም። ሦስቱን ማን እንደ ወጋት እንጂ ሦስቱ ምን እንደሆኑ አታውቅም ነበር።

ይህ ከየት መጣ? በአገራችን ገጠር መርፌ ወጊው ሲመጣ «ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። ከኪኒን ይልቅ መርፌ ያድናል ብለን አደግን። እዚህ ከመጣን በኋላ በ2012 መጨረሻ ሴቶቻችን ስለ ዴፖ ፕሮቬራ የወሊድ መከላከያ መርፌ በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሰማን፤ «ሳያስረዱን ወጉን» አሉ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ውጤቱን ላልተረዳች ሴት ማዘዣው እንዳይታደስ ሐኪሞችን አዘዘ። ያኔ ሁላችንም ጮኸናል። ታዲያ ትናንት ሳያስረዱ ወጉን ብለን የጮኽን ሰዎች ዛሬ ሳያስረዱ እንዲወጉን ገንዘብ እንከፍላለን?

«ገንዘቧ ነው፣ ፊቷ ነው» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ፊቷ ስለሆነም ነው የማወቅ መብት ያላት። የ1996ቱ የበሽተኛ መብት ሕግ ማንኛውም ሰው ከሕክምና በፊት በሚገባው መንገድ እንዲብራራለት፣ የሚያክመውም ማን እንደሆነ እንዲያውቅ ያዛል። ኮስሜቲካይት እነዚህን መርፌዎች እንድትወጋ አይፈቀድላትም።

ስለዚህ እናቶች፣ እኅቶች፣ ሙሽሮች፤ መርፌው ከመነሣቱ በፊት ጠይቁ። የሐኪምነት ፈቃድህን አሳየኝ። የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም ጻፍልኝ። ለምን ሁለቱን በአንድ ቀን? ማሟሟቻው እዚህ አለ? ሌሊት ብታመም ለማን ልደውል? ዕብራይስጥ ካልበቃችሁ የሚያስተረጉም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ከተወጋችሁ በኋላ ኃይለኛ ሕመም፣ የቆዳ ቀለም መለወጥ ወይም የዓይን መደብዘዝ ከመጣ ሳታድሩ ወደ ሚዩን ሂዱ፤ ወይም 101 ደውሉ።

ይህን ሁሉ ሲጠየቅ የሚቆጣ ወጊ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። ሠርጉ ያለ መርፌም ይደምቃል።