ሩሲያኛን እስከ መጨረሻው መማር

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንዱ «ቋንቋ አጥንቼ፣ በሩሲያ ቋንቋና ባህል ሁለተኛ ዲግሪዬን መሥራት እፈልጋለሁ» ሲል፣ ከወላጅም ከመምህርም የሚቀርብለት የመጀመሪያው ጥያቄ «በዚህ ምን እንጀራ ይበላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ ካርቱም ያለ ወላጅ ልጁን የሚያስተምረው ሻይ አፍልቶ ሸጦ፣ ሰው ቤት ሠርቶ፣ ከገቢው ግማሹን አገር ቤት ላሉት ልኮ በሚተርፈው ነው። እኛ የትምህርት ቤቱ ባልደረቦች ግን ልጁ ከልቡ የፈለገው ከሆነ መንገዱ ሊዘጋበት አይገባም እንላለን። ምክንያታችንንም ቀጥለን እናቀርባለን።

የኢትዮጵያና የሩሲያ ትውውቅ የትናንት አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኞችን አክመዋል። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ የሄዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እዚያው አድገውና የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ተመልሰዋል። «ፋቡላ» የተባለውን፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን፣ የጻፉት እሳቸው ናቸው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲረቀቅም ዋናው አርቃቂ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960 በሞስኮ የሕዝቦች ወዳጅነት ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ፣ በተለይም በደርግ ዘመን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሶቪየት ኅብረት ተምረዋል። በዚህ በሱዳንም በሩሲያ ተምረው የተመለሱ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ጥቂት አይደሉም።

እነዚህ ሁሉ ሩሲያኛ ተምረዋል። አብዛኞቹ የተማሩት ግን ሕክምናውን፣ ምሕንድስናውን ወይም ወታደራዊ ሳይንሱን ለመከታተል ነበር። ለዚህ ማንም አይወቅሳቸውም፤ አገር የላከቻቸው ለዚያ ነው። ነገር ግን ቋንቋውን ራሱን፣ ሥነ ጽሑፉንና ታሪኩን ሙያዬ ብሎ የያዘ ሰው ከመካከላችን እምብዛም አልወጣም።

በአንጻሩ ሩሲያውያን እኛን እንዴት እንዳጠኑን እንመልከት። ቦሪስ ቱራዬፍ የግዕዝ ገድላትን ሲያጠና ኖሯል። ኒኮላይ ዩሽማኖፍ ስለ አማርኛ ሰዋስው የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 ታትሟል። ጋንኪን የሩሲያኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላትን በ1965፣ የአማርኛ–ሩሲያኛውን ደግሞ በ1969 አሳትሟል። በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ለረጅም ዘመን ሲሰጥ ቆይቷል። እነሱ ቋንቋችንን ለማወቅ ይህን ያህል ሲደክሙ፣ የእኛ ሕዝብ ከሩሲያኛ የወሰዳቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው? ክላሽ፣ ሚግ፣ አንቶኖቭ፣ ካትዩሻ። ካትዩሻ በሩሲያኛ የሴት ልጅ ስም ማቆላመጫ መሆኑን፣ እኛ «አልሚዬ» እንደምንለው ማለት ነው፣ ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? ስለ አንድ ሕዝብ የምናውቀው የጦር መሣሪያውን ስም ብቻ ከሆነ ያንን ሕዝብ አውቀነዋል ማለት አይቻልም።

የንባቡም ነገር ከዚህ አይርቅም። ቶልስቶይ፣ ዶስቶየቭስኪና ቼኾቭ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ባይሆኑም፣ ብዙው ትርጉም የደረሰን በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ነው። ዓረብኛ የምታነቡ ተማሪዎቻችን የዚህን ልዩነት እዚሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ሶርያዊው ሳሚ አድ-ዱሩቢ ዶስቶየቭስኪን ወደ ዓረብኛ የመለሰው ከፈረንሳይኛ ነው። ግብጻዊው አቡ በክር ዩሱፍ ግን ቼኾቭን በቀጥታ ከሩሲያኛ ተርጉሞታል። ሁለቱም ባለውለታዎች ናቸው። ቢሆንም ከምንጩ የቀዳና ከመንገድ የተቀበለ እኩል አይሆኑም። ለአማርኛ ከምንጩ የሚቀዱ ሰዎች ያስፈልጉናል።

የፑሽኪንንም ነገር እናንሳ። ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል ሐበሻ ነው እያልን እንኮራለን፤ በአዲስ አበባም በፑሽኪን ስም የተሰየመ አደባባይ አለን። የቤኒኑ ተመራማሪ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ግን ጋኒባል የተወለደው በዛሬዋ ካሜሩን፣ ሎጎን በተባለ ቦታ ነው በማለት ሞግቷል። ክርክሩን ለመመርመር የሩሲያን የድሮ ሰነዶች በቋንቋቸው ማንበብ ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ኢትዮጵያዊ ምሁር ካላፈራን፣ ኩራታችን ሰው የነገረንን መልሶ ከመናገር አያልፍም።

አሁን ወደ እንጀራው ጥያቄ እንመለስ። እውነቱን ለመናገር፣ በሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ለተመረቀ ሰው የተዘጋጀ ወንበር የለም። ሥራው አለ፤ ማስተርጎም፣ ማስተማር፣ ቱሪዝም፣ የኤምባሲና የንግድ ሥራ፣ ጥናትና ምርምር። የሥራው በር ጠባብ ነው፤ የሚያንኳኳውም ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ የመጀመሪያ ዲግሪህን ወይም ዲግሪሽን ብቻውን ሊያስተዳድር በሚችል ሙያ፣ ለምሳሌ በመምህርነት፣ በጋዜጠኝነት ወይም በሕግ ሥሩ፤ ሩሲያኛውን ከዚያው ጎን ለጎን ጀምሩ።

መንገዱንም ወላጆች ቢያውቁት መልካም ነው። የሩሲያ መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣል። ዕድሉ የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፤ አነስተኛ የኪስ ገንዘብም አለው። የአውሮፕላን ቲኬትና የጤና መድን ግን የተማሪው ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ተማሪ መጀመሪያ በመሰናዶ ፋኩልቲ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይማራል፤ ሁለተኛ ዲግሪው ሁለት ዓመት ይፈጃል። ከዚያ ለሚቀጥል «ካንዲዳት» የሚባለው ማዕረግ አለ፤ በሌላው አገር ከዶክትሬት ጋር የሚመዛዘን ነው። በሞስኮ በፑሽኪን ስም የሚጠራው የሩሲያ ቋንቋ ተቋም ሩሲያኛን ለውጭ ሰዎች በማስተማር የታወቀ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን፦ በመሰናዶ አንድ ዓመት ብቻ በተማሩት ቋንቋ ቶልስቶይን መተንተን አይቻልም። ስለዚህ ይህን መንገድ የሚመርጥ ልጅ ከመሄዱ በፊት ዓመታት ቀደም ብሎ ይጀምር። «ዕድሉን አስጨርስላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ በሩን ዝጉበት። ነፃ ዕድል አይሸጥም።

ትምህርቱ ከባድ መሆኑን አንደብቅም። ሠላሳ ሦስት ፊደልና ስድስት የስም ሙያ አለው። ግን ልጆቻችን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። «መጽሐፉን አነበበች» ስንል፣ መጽሐፉ ላይ የምትለጠፈው «ን» የምትሠራውን ሥራ ሩሲያኛም በስሞች መጨረሻ ይሠራዋል። «አነበበ» እና «አነበበች» ብለን ወንዱን ከሴቷ እንደምንለይ ሩሲያኛም ባለፈው ጊዜ ግሡ ላይ ይለያል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ይህን እንደ አዲስ ይማረዋል። ቤት አማርኛ ወይም ትግርኛ፣ ሰፈር ዓረብኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር የካርቱም ልጅ ግን አንደበቱ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ መሻገርን ከሕፃንነቱ ለምዷል። ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ስደት ጣጣ እንቆጥረዋለን፤ እኛ ግን ሀብት ነው እንላለን።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሐኪም ልሁን ሲል እንደምትደሰቱ ሁሉ፣ ቋንቋ ላጥና ሲል ከመቆጣታችሁ በፊት ዕቅዱን ጠይቁት። ዕቅድ ካለው አግዙት፤ ከሌለው ወደ እኛ ላኩት፣ አብረን እናወጣለታለን። መምህራንም በክፍላችሁ ለቋንቋ የተፈጠረ ልጅ ስታዩ ዝም አትበሉ። ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ዛሬ ፊደሉን በመቁጠር ጀምሩ። አንድ ቀን ከመካከላችሁ አንዱ ቼኾቭን ከሩሲያኛ በቀጥታ ወደ አማርኛ መልሶ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን ቢያመጣ፣ መደርደሪያውን ጠርገን እንጠብቀዋለን።