ለልደቱ ምን እናቅርብ?



ሰብአ ሰገል ኮከብ እየመራቸው ከምሥራቅ መጥተው ለተወለደው ሕፃን ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ እንዳቀረቡ ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ መዝግቦልናል። ከሦስቱ ስጦታዎች አንዱ፣ ይኸውም ዕጣን፣ በእኛም ምድር የሚገኝ መሆኑን በበዓሉ ግርግር መካከል ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

በምዕራብ ጎንደር የሚገኘው የመተማና የቋራ ቆላ ከአገራችን የዕጣን ምንጮች አንዱ ነው። በበጋ ወደ ኩሬነት የሚቆራረጠው፣ በክረምት ግን ሞልቶ ወደ ዓባይ የሚገብረው የሽንፋ ወንዝ ይህንኑ ቆላ ያቋርጣል። በዚያ አካባቢ ዋሊያ መቀር የሚባለው ዛፍ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሰኔ ድረስ ቅርፊቱ በጥቂት በጥቂቱ ይላጣል። የሚወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ቁስሉ ይታደሳል፤ እንደገና ይለቀማል። ሥራው የሚከናወነው ውኃ በሚጠፋበትና ፀሐይ በሚያቃጥልበት ወራት ነው። ከዚያም በየመጋዘኑ በአብዛኛው ሴቶች ተቀምጠው ነጩን ከጥቁሩ፣ ትልቁን ከትንሹ በእጃቸው ይለያሉ። በቤተ መቅደስ የሚያርገው መዓዛ የእነዚህ ሰዎች ላብ አለበት።

ሰሊጡም እንዲሁ ነው። የሰሊጥ ፍሬ በወቅቱ ካልታጨደ ስለሚረግፍ፣ በአጨዳው ወራት ብዙ ወጣቶች ከደጋ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳሉ። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ወይም ከግራር ሥር ሲያድሩ ለወባና በአሸዋ ዝንብ ለሚተላለፈው ካላዛር ይጋለጣሉ። ካላዛር ወዲያው አይገለጥም። ሠራተኛው ወደ አገሩ ከተመለሰ ከወራት በኋላ ትኩሳቱ ይጀምረዋል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል። ሳይታከም ከቀረም አብዛኛውን ጊዜ ለሞት ያደርሰዋል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ሠራተኛው የድካሙን ዋጋ ሳያገኝ የቀረበልንን ዕቃ በርካሽ ገዝተን ለወዳጃችን ብናበረክት፣ ስጦታውን የሰጠው ማን ነው? እኛ ከኪሳችን ያወጣነው ጥቂት ነው፤ የቀረውን የሰጠው ደመወዙ የተቀነሰበት ሠራተኛ ነው። እርሱ ደግሞ ወዶ አልሰጠም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ የተከለከለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ አምላክ እንደሚጮኽ ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው።

ይህ አሳብ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በ1981 ዓ.ም. በኔዘርላንድ ፍትሐዊ ንግድ የተባለው ምልክት በቡና ላይ መታተም ሲጀምር፣ ዓላማው ገበሬው ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ማድረግ ነበር። በአገራችንም በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቡናውን በዚሁ መንገድ ለውጭ ገበያ አቅርቧል።

ዋጋ የሚጠይቀው ሰው ብቻ አይደለም፤ ዛፉም ጭምር ነው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከተመረመሩት የዕጣን ዛፍ ደኖች ሦስት አራተኛ በሚሆኑት ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት አዲስ ችግኝ እንዳልተተካና ምርቱ በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ዛፉ ያለ ዕረፍት ሲቆሰል፣ ቡቃያውን እሳትና ከብት ሲያጠፋው፣ ደኑም ወደ እርሻ ሲለወጥ ለልጆቻችን የሚተርፍ ዕጣን አይኖርም።

አንዳንድ አንባብያን «ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ተጨማሪ ክፈሉ ማለት እንዴት ይቻላል?» ይሉን ይሆናል። አባባላቸው እውነት አለው። እኛም ብዙ ግዙ አንልም፤ እንዲያውም ጥቂት ግዙ እንላለን። ከአምስት ስጦታ ሁለቱን አስቀርቶ የቀሩትን በተገቢው ዋጋ መግዛት ይቻላል። ዕጣን ስንገዛ ከወዴት እንደመጣ እንጠይቅ። ጋቢና ነጠላ ስንገዛ ከሸማኔው ጋር እስከ መጨረሻዋ ብር አንከራከር። ከዘመዶቻችን መካከል ወደ ቆላ የሚወርድ ካለ፣ ከጌጣጌጥ ይልቅ አጎበር እንስጠው፤ ትኩሳት ይዞት ከተመለሰም ወደ ሕክምና እናድርሰው።

ሌላም አለ። የተወለደው ሕፃን ብዙ ሳይቆይ ከእናቱ ጋር ወደ ግብፅ ተሰድዷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ እናቶች ሕፃናት አዝለው በመተማ በር ወደ አገራችን ገብተዋል። ለእነርሱ የሚሰጥ ብርድ ልብስና የዕለት ጉርስ፣ ለልደቱ ባለቤት የቀረበ መሆኑን ወንጌል ያስተምረናል።

ሰብአ ሰገል ስጦታቸውን ይዘው ረጅም መንገድ ተጉዘዋል። ከእኛ የሚጠበቀው መንገድ አጭር ነው። በእጃችን የያዝነው ስጦታ በማን እጅ እንዳለፈ መጠየቅና ለዚያ እጅ የሚገባውን መክፈል ነው።

በዓሉን የሰላምና የበረከት ያድርግልን።