ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ኤሌክትሪክ ሕክምና

ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ የደከመ ሰው፥ ሸክሙን በደኅናው ጎን ስለሚጥል ወገቡን ሊታመም ይችላል። ለዚህ የሚረዳ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ነገር ለስላሳ ኤሌክትሪክ ወደ ነርቭ ይልካል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሊቃውንት እንደ ገለጡት፥ የመዳሰስ ስሜት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመምን በር ይዘጋል።

ነገር ግን መሣሪያው ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ ሕመሙን ከሥሩ አይነቅልም። ቆዳው የደነዘዘ በሽተኛም ሲቃጠል አይሰማውምና፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጠቀምበት።

የዘንዘልማ ቤተ ሰቦች ሆይ፥ ባሕር ዳር ቅርብ ናትና በሽተኛችሁን አስቀድማችሁ በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል አስመርምሩ። በቤትም ደግፋችሁ አስነሡት፥ በልኩም አራምዱት፤ መሣሪያ የዘመድን እጅ አይተካምና።