ለካቡል ማልቀስ ቀላል ነው

ኮሌጅ እያለን የካሌድ ሆሴኒን «ኤ ታውዘንድ ስፕሌንዲድ ሰንስ» አንዷን ቅጂ እየተቀባበልን አነበብናት። አንብበን ስንጨርስ እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ፣ ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። የብዙዎቹ ማጠቃለያ አንድ ነበር፦ «እነሱስ ያሳዝናሉ፤ እኛ ግን ተመስገን ነው!» እስከ ዛሬም መጽሐፉን ያነበበ ሰው ባገኘን ቁጥር የምንሰማው ይህንኑ ነው። የዛሬ ጠባችን ከዚህች «ተመስገን» ጋር ነው።

ካቡልና ሐዋሳ አንድ ናቸው አላልንም። ታሊባን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሥልጣን ላይ ከተመለሰ ወዲህ የአፍጋን ልጃገረዶች ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተከልክለዋል። እኛ ደግሞ ዲግሪያችንን ይዘን ይኸው እንጽፋለን። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ግን መጽሐፉ ስለ ታሊባን ብቻ ይመስላችኋል? ማሪያም በ15 ዓመቷ ለጫማ ሠሪው ራሺድ ስትዳር ታሊባን የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ሩዙ አልበሰለም ብሎ ጠጠር ያስቆረጠማት የገዛ ባሏ ነው። ከላይላ ጋር ልታመልጥ ስትል ይዞ ወደዚያው ቤት የመለሳት ፖሊስም የታሊባን ፖሊስ አልነበረም። ባልና ሚስት በቤታቸው የሚያደርጉት አያገባንም ብሎ ነው የመለሳት።

«አያገባንም» የምትለዋን እናውቃታለን። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንን አንቀጽ 620 ግለጡና እዩ። አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ታዲያ ድርጊቱ «ከጋብቻ ውጭ» ሲፈጸም ነው። ባል ሚስቱን ቢደበድብ አንቀጽ 564 አለ። አስገድዶ ቢተኛት ግን ሕጉ መድፈር አይለውም። ራሺድ እኛ ሰፈር ቢኖር በዚህ አንቀጽ የሚጠይቀው የለም።

«ትዳር ይፈርሳል፣ ባህላችን አይፈቅድም» የምትሉን ወንድሞቻችን፣ ስለ ጠለፋም እኮ ባህል ነው ይባል ነበር! በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ ከጠለፋት ልጅ ጋር ጋብቻ ከመሠረተ ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተሟግቶላት በነፃ ተለቀቀች። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተነሣው ከእሷ ታሪክ ነው። በኋላ የወጣው ሕግ የጠላፊውን ማምለጫ ዘጋው፤ ቅጣቱም ከ3 እስከ 10 ዓመት ሆነ። ይኸው ትዳር ከአገር አልጠፋም፤ ሰርጉም እንደቀጠለ ነው።

እኛ የምንጠይቀው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ከጋብቻ ውጭ» የሚለው ከአንቀጽ 620 ይውጣ። የሕግ ተማሪዎች፣ በየመድረኩ አንሡት። ጋዜጠኞች፣ የምክር ቤት አባላትን ጠይቁበት። መጽሐፉን ያልጨረሳችሁም ጨርሱት፤ ስትጨርሱ ግን ሕጉንም አንብቡ።