የጤና መድን ማሻሻያና የፖለቲካ ተቃውሞ በጎንደር

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች የጤና መድንን በተመለከተ የሚታየው ተቃውሞ፣ በኢትዮጵያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የጤና ፋይናንስ ማሻሻያ ላይ የተነሣ ነው። ተቃውሞው በአንድ ፓርቲ ፕሮግራም ተጽፎ ለምርጫ አልቀረበም። ይሁን እንጂ መድኑን ያደራጀውና መዋጮውን የሰበሰበው የቀበሌ መዋቅር ከገዢው ፓርቲ ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ስለ መድኑ የሚነገረው ነገር ስለ መንግሥት ከሚነገረው ተለይቶ አያውቅም።

የማሻሻያው ሁለት ክንፎች

የመጀመሪያው ክንፍ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተቋቋመው የማኅበራዊ ጤና መድን ነው። ይህ በመደበኛ ሥራ የተሰማሩ ደመወዝተኞችን የሚመለከት ሲሆን፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታቅዶ ነበር። ሁለተኛው ለገበሬውና ራሱን ቀጥሮ ለሚያድር የከተማ ነዋሪ የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህም በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬ እና ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ሩዝ አብቃዩ ፎገራ ነበሩ። የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች የገቡት ኋላ፣ ሙከራው ሲስፋፋ ነው።

ተቃዋሚ የሌለበት ምክር ቤት

የኢትዮጵያ አዋጅ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 2002 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማን የጤና መድን ሕግ በ219 ድምፅ ድጋፍና በ212 ተቃውሞ አጽድቋል። ከሪፐብሊካን ፓርቲ አንድም አባል አልደገፈውም። ፓርቲው ሕጉን ለመሻር ለዓመታት ሲታገል ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ክረምት በሴኔቱ 49 ለ51 ተሸነፈ። እዚያ ማን እንደተቃወመ በስም፣ በድምፅ ቆጠራ ይታወቃል።

በኢትዮጵያ ግን በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ያዙ። ተቃውሞ የሚነገርበት ወንበር አልነበረም ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ለደመወዝተኞች የታሰበው መድን በታቀደለት ጊዜ ሥራ ላይ ሊውል አልቻለም፤ ቀኑ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ያስቆመው የመንግሥት ሠራተኛው ቅሬታ ነው። መምህራን ከማይበቃ ደመወዝ ላይ 3 በመቶ መቆረጡን፣ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ በሚሠሩበት ተቋም ያገኙት የነበረውን ነጻ ሕክምና ማጣታቸውን አንሥተው ተቃወሙ። አንድ ወንበር ያልነበረው ተቃውሞ፣ ምክር ቤት ያጸደቀውን አዋጅ ማዘግየቱ በአገሪቱ የቅርብ ጊዜ ፖለቲካ ውስጥ እምብዛም ያልተወራለት ነገር ነው።

ቀበሌው፣ ፓርቲውና መዋጮው

የገበሬው ተቃውሞ ከዚህ የተለየ መልክ አለው። በሙከራው አሠራር መሠረት አንድ ቀበሌ ወደ መድኑ ይገባ የነበረው ነዋሪው በጉባኤ ተሰብስቦ በአብላጫ ድምፅ ሲወስን ነበር። ከዚያ በኋላም እያንዳንዱ ቤተሰብ አባል ይሆን የነበረው በፈቃዱ ነበር። ቤተሰቡ ግን ተነጣጥሎ መግባት አይችልም፤ የታመመውን ብቻ አስመዝግቦ ጤነኛውን ማስቀረት አይፈቀድም። ይህ ለመድኑ ጤናማነት አስፈላጊ ደንብ ነው፤ የታመመ ብቻ የሚከፍልበት ቋት ወዲያው ይደርቃልና።

በወረቀት ላይ ፈቃደኝነት የነበረው ነገር ወደ መሬት ሲወርድ ኮታ ሆነ። ወረዳዎችና ቀበሌዎች ስንት አባወራ አስመዘገባችሁ ተብለው ይለኩ፣ ይገመገሙ ጀመር። ቅስቀሳው የሄደውም በልማት ቡድንና በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ነው። በዚያን ዘመን ይኸው አደረጃጀት ማዳበሪያ ያከፋፍል፣ የተፋሰስ ሥራ ያስተባብር፣ የፓርቲ አባልም ይመለምል ነበር። ስለዚህ «መድን ግባ» ያለው ሰው ትናንት «ስብሰባ ውጣ» ያለው ሰው ነው። የቀበሌውን ሊቀመንበር የጠላ ገበሬ፣ የሊቀመንበሩን ደረሰኝ ከሊቀመንበሩ ለይቶ ያያል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ጥርጣሬው የዛሬም አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ከቀድሞ መንግሥታት ጋር ሠርተዋል የተባሉትን «ቢሮክራት» ብሎ ለይቶ መሬታቸውን አሳንሷል። ቀበሌ ስም ሲመዘግብ ምን ሊከተል እንደሚችል የሚያስታውስ ትውልድ በደጋው ዛሬም አለ። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ከተደረገው ትልቅ ሰልፍ በኋላ ደግሞ በመንግሥት መዋቅር ላይ የነበረው እምነት ይበልጥ ሳሳ። የሰልፉ ጥያቄ የወልቃይት ማንነትና የፖለቲካ ነጻነት እንጂ የሕክምና ጉዳይ አልነበረም። ዳሩ ግን መዋጮ ሰብሳቢው ያው የቀበሌ ሰው ነበር።

ከፖለቲካው ጋር ያልተያያዘ ቅሬታ

ተቃውሞውን ሁሉ የፖለቲካ ጥላቻ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው፤ ባለሥልጣናት ደጋግመው የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። በእድር ያደገ ማኅበረሰብ በጋራ አዋጥቶ ለችግር ቀን መድረስን ከመንግሥት አልተማረም። እድር ግን ሰው ሲሞት ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮውን ያደርሳል፤ የተባለው ነገር በዓይን ይታያል። መድኑ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ቅሬታ የመድኃኒት እጦት ነው። አባሉ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ ከተመረመረ በኋላ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ከተባለ፣ ዓመት የከፈለው ገንዘብ ምን እንዳደረገለት አይገባውም። ሁለተኛው ርቀት ነው። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ ታማሚ ደረጃውን ጠብቆ ከጤና ጣቢያ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መላክ አለበት። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል ከሕክምናው ወጪ ግማሹን ራሱ እንዲከፍል የሙከራው ደንብ ይላል። ለቃሬዛ ተሸካሚውና ለመኪናው የሚወጣውን ግን ደብተሩ አይከፍልም። ለደባርቅ ከተማ ነዋሪና ለተራራው ገበሬ እኩል ያልሆነ አገልግሎት ይደርሳል።

ሆስፒታሎችም ላከሙበት ገንዘብ ክፍያ ሲዘገይባቸው መድኃኒት መግዣ ያጣሉ፤ መድኃኒቱ ሲጠፋ አባሉ ይቀራል፤ አባሉ ሲቀር ቋቱ ይጎድላል። የመንግሥት ድጎማ ይህን ለመሙላት የታሰበ ነበር። መክፈል የማይችሉ ድሆችን መዋጮ ክልሉና ወረዳው ይሸፍናሉ፤ የፌዴራል መንግሥቱ ጠቅላላ ድጎማ ግን በሙከራው ጊዜ ከነበረበት 25 በመቶ ኋላ ወደ 10 በመቶ ወርዷል።

ከጦርነቱ ወዲህ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አዲ አርቃይና ዳባት በዘለቀ ጊዜ በአካባቢው የጤና ተቋማት ላይ ጉዳት ደረሰ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የሚካሄደው ግጭት የቀበሌውን መዋቅር በብዙ ቦታ አፍርሷል። መንግሥት በማይደርስበት ገጠር መዋጮ ሰብሳቢ አይገባም። ደረሰኝ የያዘ ገበሬም ከየትኛው ወገን ነህ ሊባል ይችላል። ቀድሞ የአመለካከት ጉዳይ የነበረው አለመክፈል፣ አሁን የደኅንነት ጉዳይ ሆኗል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ ያደረጉት የጤና ባለሙያዎች ካነሧቸው ጥያቄዎች መካከል፣ ከደመወዝ ጭማሪው ጎን ለጎን፣ የራሳቸው የሕክምና ሽፋን ይገኝበታል። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ጎንደር ለአገሪቱ ገጠር የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን ኖራለች። መንግሥት አድማውን የፖለቲካ ዓላማ ያለው ነው ሲል፣ ባለሙያዎቹ ጥያቄያቸው የሙያና የኑሮ መሆኑን ገልጸዋል።