የስፓይደርማን ኪሣራና የነገሌ አረቄ

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚመላለስ ነጋዴ ሁሉ አርሲ ነገሌን የሚያውቃት በአረቄዋ ነው። በየጓሮው በርሜል ተጥዶ፣ እንጨት ተማግዶ የሚወጣው አረቄ በጀሪካን ተሞልቶ በአይሱዙ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ይጫናል። ሥራውን ከጥንስሱ እስከ ሽያጩ በእጃቸው የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ከእነዚሁ መካከል አንዲት አከፋፋይ ቤት በቅርቡ ቡና ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ስለ ስንዴ ዋጋ እጠየቃለሁ ብዬ ስጠብቅ ያላሰብኩት ጥያቄ ቀረበልኝ።

የእህታቸው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሙዚቃዊ ትያትር ለመሥራት ተነስቷል። ሙዚቀኛ አለ፣ ተወዛዋዥ አለ፣ ድርሰቱም አልቋል ተብሏል። አዲስ አበባ አዳራሽ ተከራይቶ በትልቅ ምረቃ ለመክፈት ግን ገንዘብ ይጎድላል። ጎዶሎውን እንዲሞሉ የተጠየቁት እኚህ ሴት ናቸው። «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ ትላለህ፤ ልስጠው ወይስ ይቅርብኝ?» አሉኝ። «እትዬ፣ ትያትር እኮ እንደ አረቄ አይደለም» ብዬ በደፈናው ላልፍ ሞከርኩ። «እንዴት አይደለም?» አሉና ዝም አሉ። እውነትም እንዴት እንዳልሆነ ለመናገር ቸገረኝ።

ስለሆነም ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ከሲሚንቶና ከሽንኩርት ዋጋ ወጣ ብለን የመድረክ ገበያን እንመልከት። ጥያቄው የእትዬ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ያላቸው የከተማ ነጋዴዎች በፊልም፣ በኮንሰርትና በትያትር ላይ እንዲገቡ በየጊዜው ይጠየቃሉ። አብዛኞቹ «የዘመድ ነገር ነው» ብለው ይሰጣሉ፤ ሲከስሩም «የዘመድ ነገር ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ሒሳቡን ቁጭ ብሎ የሚሠራው ጥቂት ነው።

ለዚህ ጉዳይ ከኒውዮርኩ ስፓይደርማን የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። ብሮድዌይ በሚባለው የትያትር ሰፈር አንድ ሙዚቃዊ ትያትር ባብዛኛው በሳምንት ስምንት ጊዜ ይታያል። በይፋ ከመመረቁ በፊት ለጥቂት ሳምንታት የሙከራ ትርኢት አለ። ተመልካቹ ትኬት ገዝቶ ይገባል፤ ሐያሲያን ግን እስከ ምረቃው ድረስ ብዕራቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። በዚህ መሀል ደራሲው ይሰርዛል ይደልዛል፣ ያልሳቀ ተመልካች ያየበት ቀልድ ይወጣል፣ የረዘመው ዘፈን ያጥራል። ቅምሻ ማለት ነው።

«ስፓይደርማን፡ ተርን ኦፍ ዘ ዳርክ» የተባለው ትያትር ሲታሰብ የሚጎድለው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ዜማውንና ግጥሙን የሠሩት የዩቱ ባንድ አባላት ቦኖና ዘ ኤጅ ናቸው። አዘጋጇ ጁሊ ቴይሞር በ«ላየን ኪንግ» ዓለምን ያስደነቀች ባለሙያ ነች። የታሪኩ ባለቤት ደግሞ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ጀግና ነው። ሆኖም ገና በጠዋቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዋናው ፕሮዲውሰር ቶኒ አዳምስ በድንገት አረፈ። በ2009 ገንዘቡ አልቆ ሥራው ቆመ። በኋላ የሮክ ኮንሰርቶችን በማዘጋጀት የታወቀው ማይክል ኮል ገብቶ ተጨማሪ ገንዘብ አሰባሰበና ሥራው ቀጠለ። በመጨረሻ የወጣው ወጪ 75 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ይህም እስከዚያን ጊዜ በብሮድዌይ ታሪክ ያልታየ ነበር።

የመጀመሪያው የሙከራ ትርኢት ኖቬምበር 28 ቀን 2010 ቀረበ። ተዋንያኑ በገመድ ታስረው በተመልካቹ አናት ላይ እንዲበሩ ታስቦ ነበር። ያን ምሽት ማሽኑ ደጋግሞ ስለቆመ ትርኢቱም አብሮት ቆመ፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረም ተዋናይ ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን ደግሞ አንድ ተዋናይ ከስድስት ሜትር በላይ ከሚሆን ከፍታ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። የምረቃው ቀን ተላለፈ፤ እንደገና ተላለፈ። በፌብሩዋሪ 2011 ሐያሲያኑ ትዕግሥታቸው አልቆ ምረቃውን ሳይጠብቁ ጻፉ፤ የጻፉትም የሚያስደስት አልነበረም። በማርች አዘጋጇ ተነሳች። በጸደዩ ትርኢቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ድርሰቱ በሌላ እጅ ተከለሰ። በይፋ የተመረቀው ጁን 14 ቀን 2011 ሲሆን እስከዚያ ድረስ 182 የሙከራ ትርኢቶች ቀርበዋል።

እዚህ ላይ ነጋዴ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በእነዚያ የመከራ ወራት አዳራሹ ባዶ አልነበረም። እንዲያውም ሰዉ ይጋፋ ነበር። የሳምንት ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ወሬው ራሱ ማስታወቂያ ሆነለት፤ አንዳንዱ «ዛሬስ ማን ይወድቅ ይሆን?» እያለ ነው የሚገባው። በ2011 መጨረሻ፣ በገናና በአዲስ ዓመት መካከል በነበረው ሳምንት ደግሞ 2.9 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ የብሮድዌይን የሳምንት ገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን ያየ ሰው «ገንዘቡን መለሰ» ቢል አይፈረድበትም።

አልመለሰም። ጃንዋሪ 4 ቀን 2014 ሲዘጋ ባለ ገንዘቦቹ ያጡት እስከ 60 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተዘግቧል። ምክንያቱ ምን ይሆን? ማሽኑ፣ ቴክኒሻኑ፣ ኦርኬስትራው፣ በራሪው ሁሉ በየሳምንቱ ይከፈለዋል። የሳምንቱ ወጪ 1 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ነበር። ገቢው የሚደነቅ፣ ትርፉ ግን እፍኝ የማይሞላ ሆኖ ቀረ። መርካቶም ሆነ አዳማ ይህን ዓይነት ሱቅ እናውቀዋለን፤ ደጁ ላይ ሰው ተሰልፎ ባለቤቱ ግን ለኪራይ የሚበደር ማለት ነው።

ታዲያ ሙከራው ምን ፈየደ? ብዙ ሰው ጥፋቱን በሙከራው ርዝመት ላይ ያሳብባል። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ ያለው ሙከራው የመጣበት ጊዜ ላይ ነው። ቅምሻው የደረሰው ገንዘቡ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነበር። ትያትር ቤቱ ለዚያ ገመድና ማሽን ሲባል ውስጡ ተለዋውጧል። ማሽኑ ከዚያ ውጪ የትም አይሠራም፤ ቢሸጥም የሚገዛው የለም። ኢኮኖሚስቶች የሰመጠ ወጪ የሚሉት ይህንኑ ነው። ተመልካቹ «ታሪኩ አልገባኝም» ሲል መልሱ «እንግዲህ ምን እናድርግ፣ መብረሪያውን ገዝተናል» ዓይነት ሆነ። ማሽኑ ትርኢቱን እንዲያገለግል ተገዛ፤ በኋላ ግን ትርኢቱ የማሽኑ አገልጋይ ሆኖ ቀረ።

የሚገርመው ያችው ጁሊ ቴይሞር «ላየን ኪንግ»ን በ1997 ስትሠራ መጀመሪያ ያሳየችው ኒውዮርክ ሳይሆን ሚኒያፖሊስ ነው። እዚያ ታይቶ፣ ጎዶሎው ተሞልቶ ነው ወደ ብሮድዌይ የገባው። የድሮዎቹም እንዲሁ ነበሩ። በ1943 የተከፈተው «ኦክላሆማ» አስቀድሞ ኒው ሄቨንና ቦስተን ላይ ተሞክሯል፤ ኒው ሄቨን ላይ ሲታይ ስሙም ሌላ ነበር። «ሐሚልተን» በ2015 መጀመሪያ ላይ እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ታየ፤ ብሮድዌይ ላይ በይፋ የተመረቀው በዚያው ዓመት ኦገስት ነው። የብሮድዌይ ወጪው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ የስፓይደርማን አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ያስገኘውን ትርፍ ለመናገር ይህ ገጽ አይበቃም። ስፓይደርማን ግን ማሽኑ ከቤቱ ጋር ስለተጣበቀ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ መሞከር አይችልም ነበር። ስለዚህ ስህተቱን ሁሉ የሠራው በሙሉ ዋጋ፣ በጋዜጠኛ ፊት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የእኛ መድረክ ሒሳቡ ሌላ ነው። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም.፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ትያትር ቤት ደግሞ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ሙዚቃና ትያትርን ሲያገናኙ ኖረዋል፤ ልምዱ አይጎድለንም። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ አንድ ትያትር የሚታየው ባብዛኛው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ «የእሁዱ»፣ «የማክሰኞው» እየተባለ። ቢወደድ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ ነገር ግን የሚቆጠረው በሳምንት አንድ ሽያጭ ነው።

በምሳሌ እንየው። አዳራሹ 300 ሰው ይይዛል፣ ትኬቱም 200 ብር ነው እንበል። ሞልቶ ከታየ 60 ሺህ ብር ነው። ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለተዋናይ፣ ለሙዚቀኛ፣ ለመብራት፣ ለትራንስፖርትና ለማስታወቂያ በየምሽቱ 30 ሺህ ብር ቢወጣ ግማሽ አዳራሽ ማለት ዜሮ ነው። ሁለት ሦስተኛው ቢሞላ 10 ሺህ ይተርፋል። እትዬ የሰጡት 400 ሺህ ብር ቢሆን፣ ግብር ሳይነሳ፣ 40 ሳምንት ይፈጃል። ጾሙ፣ ዝናቡና የመብራት መጥፋቱ ሲጨመር ዓመት ሞላ ማለት ነው። ያውም ሁልጊዜ ሁለት ሦስተኛው ከሞላ! ሙዚቃዊ ትያትር ደግሞ ሁለት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚያወራበት ተውኔት አይደለም፤ አሥር ሙዚቀኛና አሥር ተወዛዋዥ በየምሽቱ እጁን ይዘረጋል።

ስለዚህ ለእትዬ የሰጠሁት የመጀመሪያ ምክር ስለ ድርሰቱ አይደለም። ልጁ የአንድ ምሽት ወጪውን በወረቀት ዘርዝሮ ያምጣ አልኩ። የምረቃው ድግስ ሳይሆን የየሳምንቱ ወጪ ነው የሚገድለው።

ሁለተኛው ነገር የቦታ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ትያትር አዲስ አበባ ይመረቅና ከቀናው በኋላ ወደ አዳማ፣ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሐዋሳ ይዞራል። የክፍለ ሀገር ተመልካች የሚደርሰው የተጨመቀው ነው። ለምን አይገለበጥም? የአዳራሽ ኪራዩ ይቀንሳል፣ ማስታወቂያው በሞንታርቦ ያልቃል፣ ጋዜጠኛም አይደርስም። (እኔን አይቁጠሩኝ፤ እኔ ለስንዴ ዋጋ ነው የምመጣው።) ነገሌ ያለው ተመልካች ኦሮምኛም አማርኛም ይሰማል፤ አንድ ዘፈን በየትኛው ቋንቋ ጭብጨባ እንደሚያመጣ በሁለት ምሽት ይነግርሃል። ያን አዲስ አበባ ላይ ለማወቅ የሚከፈለው ብዙ ነው። ሁለት የመብራት ምሰሶ፣ ያለ ልዩ ልብስ፣ ባዶ መድረክ ላይ አሳይቶ ሰው ከተነካ ያኔ ልብሱም መጋረጃውም ይሰፋል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ሙከራ ከሆነ ፖስተሩ ላይ «ሙከራ» ተብሎ ይጻፍ፤ ትኬቱም ይርከስ። ስፓይደርማን ያልበሰለውን ትርኢት ከበሰለው በማይተናነስ ዋጋ ሲሸጥ ነበርና ብዙዎች ቅር ተሰኝተዋል። የማያውቅ ገዢን ቀማሽ ማድረግ ንግድ አይባልም።

«ጥበብ በገበያ ሚዛን አይለካም» የሚሉኝ የትያትር ወዳጆች አሉኝ። ተመልካች በሚለው ሁሉ ከተሄደ ጥበቡ ይሞታል ይላሉ፤ ቴይሞርም ከሥራው ከተነሳች በኋላ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ቅሬታ ነበራት። በከፊል እቀበላለሁ። ተመልካች የት ቦታ እንደሰለቸው ያሳያል እንጂ መፍትሔውን አያውቅም። በሌላ እጅ የተከለሰው ስፓይደርማን ታሪኩ ከፊተኛው ይልቅ የሚገባ ሆነ እንጂ ታላቅ ሥራ አልሆነም። ሆኖም የገንዘቡ ባለቤት ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ መስማት ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ ለእትዬ በአጭሩ ነገርኳቸው። ለሁለት የሙከራ ምሽት እዚሁ ነገሌ የሚበቃ ስጡት፤ ቀሪውን ያዙት፤ ካልቀናው እዚያው ላይ ይቁም አልኳቸው። አዳመጡኝና ወደ ጓሮው አመለከቱ። አንዲት ሴት አዲስ ከወጣው አረቄ በማንኪያ ቀድታ ክብሪት ጭራ እያየች ነበር። ከአጠገቧ አተላው በባልዲ ተቀምጧል፤ ከብት የሚያደልብ ጎረቤት ሊወስደው መጥቷል።

«አረቄው ቢበላሽብኝ እንኳ አተላውን የሚገዛኝ አለ። የዚህ የትያትሩ አተላ ምንድን ነው?» አሉ።

ጥቂት አሰብኩና «ዘፈኖቹ ይመስሉኛል እትዬ። ትያትሩ ቢወድቅ እንኳ ጥሩ ዘፈን ለብቻው ይሸጣል፤ ለሠርግም ይሆናል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ለአዳራሹም ሳልከፍል መጀመሪያ ዘፈኖቹን መጥቶ ያሰማኝ» አሉና ቡናውን ደገሙ።